የፍሬን ጩኸት ምንድን ነው? ሲጥጥ ማለቱስ መቼ ነው ሚያሰጋው?

ፍሬን ለምን ይጮሃል ብሎ ሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሱንም ይዞ ነው ሚመጣው፣ «ሸራው አልቆ ነዋ?» ይላል። አንዳንዴ ልክ ነው። ግን ደብረ ማርቆስ ላይ በክረምት ጠዋት ከግቢ ሲወጣ ለሚጮህ መኪና ሁሉ ሸራ ይቀየርለት ቢባል እኛ መካኒኮች እስካሁን ፎቅ ሰርተን ነበር። እስቲ ጩኸቱ ራሱ ምን እንደሆነ ከስሩ እንየው።

የፊት ጎማ ላይ ከቸርኬው ጋር አብሮ ሚዞር የብረት ዲስክ አለ። ፔዳሉን ስትረግጥ የፍሬን ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ ሁለት ሸራ ዲስኩን ግራና ቀኝ ጥርቅም አርገው ይይዙታል። ኋላ ደሞ ብዙ ትንንሽ መኪና ላይ ታምቡር ነው ያለው፣ ሸራዎቹ ከውስጥ ወደ ውጪ ተከፍተው ታምቡሩን ይገፉታል።

አሁን ማሲንቆ አስብ። ደጋኑን ስትጎትተው ጭራው ክሩን ይዞ ይሄዳል፣ ክሩ የሆነ ቦታ ድረስ አብሮ ሄዶ ያመልጠውና ወደ ቦታው ሊመለስ ሲል ደሞ መልሶ ይይዘዋል፣ ይሄ ያዝ ለቀቅ በጣም ቶሎ ቶሎ ሲደጋገም ነው ዜማ ሚሆነው። ፍሬንም ያው ነው። ሸራው ዲስኩን ያዝ ለቀቅ ያዝ ለቀቅ ያረገዋል፣ በሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ስለሆነ በአይን አታየውም፣ ጆሮ ግን ይሰማዋል፣ ያውም ጥርስ ሚያፋጭ ድምፅ ሆኖ። ማሲንቆው ላይ ድምፁን ሚያጎላው ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ነው፣ እዚ ደሞ ዲስኩ ራሱ ነው። ካላመንከኝ ዲስኩ ወልቆ ሳለ በገመድ አንጠልጥለህ በመፍቻ መታ አርገው፣ እንደ ደወል ነው ሚጮኸው።

አዝማሪው ጭራውን ሙጫ ሚቀባው ለምን ይመስልሃል? እንዲይዝለት ነው፣ የማይዝ ጭራ አይዘፍንም። ስለዚ ጩኸት ማለት ፍሬኑ አይዝም ማለት አይደለም፣ እንደውም አንዳንድ ደረቅና ብረት የበዛበት ሸራ ከአዲስነቱ ጀምሮ እየጮኸ በደንብ ይይዛል። ብዙ ጊዜ ሚብሰውም ልትቆም ስትል ነው፣ በስሱ ረግጠህ ፍጥነቱ ሲወርድ፣ ምክንያቱም ያዝ ማረጉ ከመንሸራተቱ ሚበረታው ያኔ ነው።

የክረምቱ ጠዋት ጩኸት ደሞ ሌላ ታሪክ አለው። ዲስኩ ብረት ነው፣ ሌሊቱን ዝናብ ካደረበት ላዩ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል፣ ጠዋት ሸራው ያንን ዝገት ይፍቀዋል፣ እሱ ነው ኽርርር ሚልህ። አራት አምስቴ ፍሬን ከያዝክ በኋላ ከጠፋ ተወው፣ ጋራዥ አትምጣ፣ ገንዘብህን ነው ምታባክነው። በጋ ላይ ኮረኮንች የበዛበት መንገድ ስትገባ ደሞ ትንሽ ጠጠር ዲስኩና ከኋላው ያለው ቆርቆሮ መሃል ትገባና ፍሬን ያዝክ አልያዝክ ሲጠጠጥ ትልሃለች፣ ስንቱን ሰው አስደንግጣ አመጣችብኝ መሰለህ፣ ወደ ኋላ ትንሽ ስትነዳው ራሷ ትወድቃለች አንዳንዴ።

እውነት ሸራ ሲያልቅ ሚመጣው ድምፅ ለየት ያለ ነው። ብዙ ሸራ ጎኑ ላይ ታጥፋ የተሰራች ትንሽ ብረት አለችው። አዲስ ሸራ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ተበልቶ 2 ወይ 3 ሚሊ ሲቀረው ያቺ ብረት ዲስኩን መንካት ትጀምራለች፣ እየነዳህ ሳለ ቀጭን ፉጨት ትሰማለህ፣ ፍሬን ስትይዝ ደሞ ጭራሽ ዝም ልትል ትችላለች፣ ሰው ሚሸወደው እዚ ጋ ነው፣ «ፍሬን ስይዝማ አይጮህም» ይልሃል። ባለፈው አንድ ሚኒባስ ሚነዳ ልጅ መጥቶ «ጋሼ ይቺን ብረት ቁረጥልኝ፣ ተሳፋሪው እየተሳቀቀብኝ ነው» አለኝ። ልጄ፣ እሷ እኮ ለዚሁ ተብላ የተሰራች ናት፣ ዘበኛህን ልትገል ነው እንዴ አልኩት። ሸራው ቶሎ ካልተቀየረ ብረት ለብረት ይገጥማል፣ ያኔ ድምፁ ፉጨት አይደለም፣ ወፍጮ ውስጥ ጠጠር የገባ ነው ሚመስለው፣ ዲስኩንም ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ዲስክ ቶርኖ ቤት ሊላጥ ይችላል፣ ግን ከዚህ በታች አይሳሳ ሚል ቁጥር ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጾበታል፣ ሳታነቡት አታስልጡ።

ሌላው ሸራ ተቀይሮም ሚጮኸው ነው፣ በዚህ ብዙ ሰው ይናደዳል፣ ልክም ነው። ከሸራው ጀርባ ምትገባ ስስ ቆርቆሮ አለች፣ ስራዋ ንዝረቱን መዋጥ ነው፣ ሸራ ሲቀየር አውጥቶ ሚጥላት አለ። ካሊፐሩ፣ ማለት ሸራዎቹንና ፒስተኑን ሚይዘው ብረት፣ ሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደሞ በአቧራ ይደርቃሉ፣ ጸድተው ሙቀት ሚችል ግራሶ ካልተቀቡ ሸራው በአንድ በኩል ብቻ ይበላል፣ ይጮሃልም። ግራሶው ለፒኑና ለሸራው ጀርባ ነው። ፊቱ ላይ፣ ዲስኩን ሚነካው ጋ፣ ዘይት ጠብ ያረገ ሰው ጩኸቱን አጥፍቶልሃል፣ ፍሬኑንም አብሮ።

እንግዲህ ወደ አባይ በረሃ እንውረድ። ከደጀን ተነስተህ ድልድዩ ጋ እስክትደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው ምትወርደው፣ በ2000 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ መሻገሩን አቀለለው እንጂ ቁልቁለቱ ያው ቁልቁለት ነው። 1,500 ኪሎ መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ያንን ሁሉ ጉልበት በፍሬን ብቻ ልያዘው ካልክ ሚወጣው ሙቀት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። ይሄ ሁሉ እሳት እነዛ ጥቂት ሸራዎች ላይ ነው። ሸራው ሲቃጠል ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ከዛ በኋላ ይጮሃልም፣ መያዙም ይቀንሳል። ወርዶ ወንዙ ጋ ሲደርስ የጋለ ጎማ ላይ ውሃ ሚደፋ ሰው ደሞ አለ፣ ዲስኩ ባንዴ ሲቀዘቅዝ ሊጣመምም ሊሰነጠቅም ይችላል፣ ሽቅብ ስትወጣ ንፋሱ ራሱ ያበርደዋል፣ ተወው።

እኔን ሚያስፈራኝ ግን ያ ጩኸት አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ ዶት 3 ሚባለው የዘይት አይነት አዲስ ሆኖ ሳይፈላ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ ፈላ ማለት ውስጡ አረፋ ገባ ማለት ነው፣ አረፋ ደሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው አይቆምም። ሲጥም አይል፣ ኽርም አይል፣ ምንም ድምፅ የለውም። «ፍሬን በጥሶ» ከሚባለው ውስጥ አንዳንዱ ቢፈተሽ አንድም የተበጠሰ ነገር የለውም፣ ዘይቱ ፈልቶ ነው፣ ሲበርድ ፔዳሉ ተመልሶ ይቆማል፣ ሰው ግራ ይገባዋል።

ስለዚ መውረድ ሳትጀምር ገና ከላይ ማርሽ ቀንስ፣ ሁለተኛ ወይ ሶስተኛ ይዘህ ሞተሩ ይያዝልህ፣ ፍሬኑን ረግጠህ አትኑርበት፣ ጠበቅ አርገህ ያዝና ልቀቀው እንዲበርድ። ዘይቱን በየሁለት አመቱ ቀይረው፣ ጠቁሮ እንደ ቡና ከሆነ ደሞ አመቱንም አትጠብቅ። ደጀን ላይ ሻይህን ጠጥተህ ከመነሳትህ በፊት ሞተሩን አስነስተህ ፔዳሉን ግማሽ ደቂቃ ያህል አጥብቀህ ረግጠህ ያዘው፣ እግርህ ስር ቀስ እያለ ከሰመጠ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፣ ፍሬኑ ጮኸም አልጮኸም እዛው ደጀን ጋራዥ ፈልግ።