በተናዛዡ እጅ የተጻፈ ኑዛዜን በፍርድ ቤት ስለማስረዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«በሟች እጅ የተጻፈ ኑዛዜ ምስክር ባይኖረውም በየትኛውም አገር ይጸናል።» ይህ እንደ አገሩ ሕግ የሚለያይ ነው። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 970 ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ፣ ቀን ያለበትና የተፈረመበት ኑዛዜ ያለ ምስክር እንዲጸና ይፈቅዳል፤ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 884 ይህንኑ ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በ1837 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ የኑዛዜ ሕግ ግን፣ በግዳጅ ላይ እንዳሉ ወታደሮች ያሉ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር፣ የእጅ ጽሑፉ የማንም ቢሆን ሁለት ምስክሮችን ይጠይቃል።

«ቀን የሌለው ኑዛዜ ወዲያውኑ ይወድቃል።» በጀርመንና በካሊፎርኒያ ሕግ የቀን አለመኖር ብቻውን ኑዛዜውን አያፈርስም። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ኑዛዜ ሲገኝና የትኛው የኋለኛው እንደሆነ መለየት ሲያቅት ነው።

«ኑዛዜ በወረቀት ላይና በሕግ ቋንቋ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም።» በ1948 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሳስካችዋን ሴሲል ጆርጅ ሃሪስ የተባለ ገበሬ ከትራክተሩ ሥር ተይዞ ሳለ ንብረቱን ሁሉ ለሚስቱ መተዉን በትራክተሩ ፓራፋንጎ ላይ በስለት ጫረ፤ ፍርድ ቤቱም ጽሑፉን እንደ ኑዛዜ ተቀበለው።

«ጽሑፉን የሚያውቅ ዘመድ ከመሰከረ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።» የዘመድ ምስክርነት በብዙ ፍርድ ቤቶች ይሰማል፤ ነገር ግን መስካሪው ከውርሱ የሚጠቀም ከሆነ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ተቃዋሚው ጽሑፉን ሲክድም ጉዳዩ ወደ ባለሙያ ምርመራ ይሄዳል። መርማሪው የሚያስፈልገው ሟች ኑዛዜውን ጻፈ በተባለበት ዘመን አካባቢ በዕለት ተዕለት ኑሮው የጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ የባንክ ሰነዶችና የማስታወሻ ደብተሮች ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት የተፈረመ አንድ ውል ብቻ ማቅረብ፣ ብዙ ተከራካሪዎች እንደሚያደርጉት፣ እምብዛም አይረዳም። የሰው እጅ በዕድሜ፣ በሕመምና በመድኃኒት ስለሚለዋወጥ የተንቀጠቀጠ መስመር ብቻውን የሐሰት ምልክት አይሆንም። ይልቁንም ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት አድርጎ ስለማይፈርም፣ ከአንድ የቆየ ፊርማ ጋር ነጥብ በነጥብ የሚገጥም ፊርማ ተቀድቶ ሊሆን እንደሚችል ያስጠረጥራል። የብዕር ግፊትና የመስመሮች ቅደም ተከተል ደግሞ በዋናው ሰነድ ላይ እንጂ በፎቶ ኮፒ ላይ በአግባቡ አይታዩም።

«የእጅ ጽሑፉ የሟች መሆኑ ከተረጋገጠ ክርክሩ አለቀ።» ይህ ከሁሉም የሚያሳስት ይመስለኛል። ጽሑፉ የእሱ ቢሆንም ረቂቅ ወይም ለጠበቃ የታሰበ ማስታወሻ ሊሆን ስለሚችል፣ ተናዛዡ ያ ወረቀት ራሱ ኑዛዜው እንዲሆን ማሰቡ መታየት አለበት። የአእምሮው ሁኔታና በእሱ ላይ ተደረገ የሚባለው ጫና እንዲሁ ለብቻቸው የሚመረመሩ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጫና ነበረ የሚለው ወገን ራሱ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

«ዋናው ቢጠፋ ኮፒው ይበቃል።» በእንግሊዝና የእሷን የሕግ ሥርዓት በተከተሉ አገሮች መጨረሻ ላይ በሟች እጅ የነበረ ኑዛዜ ሲታጣ፣ ተናዛዡ ሊሽረው ብሎ እንዳጠፋው ይገመታል፤ ኮፒ ይዞ የቀረበውም ሰው ይህን ግምት በማስረጃ ማፍረስ ይኖርበታል።