መንገዱን ራሱ የሚሰነጥቅ እሳት፦ ማግማ በአፋር ምድር ሥር እንዴት ይጓዛል?

መስከረም 16 ቀን 1998 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ነበር። በዚያ ቀን አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ ከሚባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ፣ ዳኡሬ የተባለ ቦታ ላይ መሬት ተቀደደ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ጉድጓድ ተከፈተ። ከውስጡ አመድና ፑሚስ የሚባለው ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ወጣ። የአካባቢው አርብቶ አደሮች አመዱ ሰማዩን ለሦስት ቀን እንዳጨለመባቸው ተናግረዋል።

ይህ ሰው ያየው ነው። ሰው ያላየው ግን ይበልጥ ያስገርማል። በእነዚያው ሳምንታት ከመሬት በታች 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ተከፍቶ በማግማ፣ ማለትም በቀለጠ ድንጋይ፣ ተሞልቷል። ከአዲስ አበባ ተነስተው ቢሾፍቱን አልፈው ሞጆ ለመድረስ ጥቂት ሲቀርዎት ያለው ርቀት ማለት ነው። ስንጥቁ በሰፊው ቦታ ላይ 8 ሜትር ተከፍቷል። የገባበት ማግማ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የቆቃን ሐይቅ ጢም አድርጎ ይሞላል፣ ይተርፋልም። በዳኡሬ በኩል ወደ ላይ የወጣው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ያየነው ሥዕል ሌላ ነው። ከሥር የእሳት ባሕር፣ ከላይ ሾጣጣ ተራራ፣ በመካከላቸው ቀጥ ያለ ቧንቧ። ማግማው በቧንቧው ሽቅብ ወጥቶ በአናቱ ይፈነዳል። ሥዕሉ ለመጀመሪያ ትምህርት ክፋት የለውም፤ ግን ዋናውን ነገር ያስረሳል። ማግማ የተዘጋጀ ቧንቧ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን ራሱ ሰንጥቆ ይሠራል። መንገዱም ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይሄዳል። ከተጓዘው ማግማ ውስጥ ብዙው ደግሞ ፀሐይ ሳያይ እዚያው ይቀራል።

የእሳት ባሕሩም ቢሆን እንደምናስበው አይደለም። ማግማ የሚከማችበት ቦታ ሁልጊዜ ፈሳሽ የሞላበት ዋሻ አይደለም። አብዛኛው ክሪስታል ነው፤ ፈሳሹ በክሪስታሎቹ መካከል ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ይገኛል። ውሃ የጠጣ ስፖንጅን ያስቡ። ከሥር አዲስ ትኩስ ማግማ ሲገባ ወይም ፈሳሹ ተጨምቆ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ነው መጓዝ የሚችል ነገር የሚፈጠረው።

ታዲያ ምን ያንቀሳቅሰዋል? አንደኛ፣ ማግማ ከዙሪያው ካለው ጠጣር ዓለት ይቀላል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ይገፋል። ሁለተኛ፣ ውስጡ የሟሟ ጋዝ አለ፤ በተለይ የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ። ሦስተኛው በእኛ ምድር በጣም ወሳኝ ነው። አፋር እየተጎተተ ያለ መሬት ነው። የአፍሪካና የዓረቢያ ምድር በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ፍጥነት ይራራቃሉ። ዓለቱ ግን በየዓመቱ አይለቅም። ለመቶዎች ዓመታት ይወጠራል፤ ከዚያ ማግማ ሲገባበት በአንድ ጊዜ ይላቀቃል። በ1998 የተከፈተው 8 ሜትር የአራትና የአምስት መቶ ዓመት መጎተት ነው ማለት ይቻላል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ።

አሮጌ ነጠላ በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ቢጎትቱት ቅዳዱ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። የመሬቱም ስንጥቅ እንዲሁ ነው፤ መጎተቱን ተሻግሮ ይከፈታል። ማግማ የሞላበት እንዲህ ያለ ቀጥ ብሎ የቆመ ስንጥቅ ዳይክ ይባላል። ቅርጹ ቧንቧ ሳይሆን እንደ ግድግዳ ነው፤ ረጅም፣ ቁመቱ ኪሎ ሜትሮች፣ ውፍረቱ ግን ጥቂት ሜትር ብቻ። አንዳንዴ ማግማው በድንጋይ ንብርብሮች መካከል ሰርጎ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ሲል ይባላል።

ወደ ጎን ለምን ይሄዳል ለሚለው መልሱ እዚህ ላይ ነው። ማግማ ሽቅብ ሲወጣ የላይኛው ዓለት እየተሰነጣጠቀና እየቀለለ ይመጣል። ስለዚህ ከዓለቱ እቀልላለሁ ያለው ማግማ ብልጫው ይጠፋበታል። በተጨማሪ የተወጠረው መሬት በጎን በኩል በቀላሉ ይለቅለታል። ወደ ላይ ከመታገል ወደ ጎን መክፈት ይረክሰዋል። ከዳባሁ በኋላ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ማንዳ ሀራሮ በሚባለው የስምጥ ሸለቆ መስመር 13 ተጨማሪ ዳይኮች ገብተዋል። ላቫ፣ ማለትም ወደ ምድር ገጽ የወጣ ማግማ፣ የታየው ግን በጥቂቶቹ ነው፤ በነሐሴ 1999፣ በሰኔ 2001 እና በግንቦት 2002 ዓ.ም.። የቀሩት ከታች መጥተው ከታች ቀሩ።

የዳይክ ጉዞ ከላይ ሆኖ ይሰማል። ግንባሩ ዓለት እየሰነጠቀ ስለሚሄድ ትናንሽ የመሬት መንቀጥቀጦች ይከተሉታል። መንቀጥቀጦቹን በካርታ ላይ በሰዓታቸው ሲደረድሯቸው የሆነ ነገር እየተራመደ መሆኑ ይታያል። በማንዳ ሀራሮ የተለኩት ዳይኮች በሰዓት አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የሚሄዱት። ዝግ ብሎ የሚራመድ ሽማግሌ ይቀድማቸዋል። በ1998ቱ ክስተት በሦስት ሳምንት ውስጥ መጠናቸው ከ3.9 በላይ የሆኑ 163 መንቀጥቀጦች ተመዝግበዋል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ ገዛኸኝ ይርጉና አታላይ አየለ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያጠኑት ይህ ክስተት ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስለ ስምጥ ሸለቆ በሚሰጥ ትምህርት ውስጥ ይጠቀሳል።

ሌላው ምስክር ሳተላይት ነው። ራዳር የያዘ ሳተላይት አንድን ቦታ ደጋግሞ ሲያይ የመሬቱን ከፍ ዝቅ ማለት በሴንቲ ሜትር ይለካል። በዳባሁ ስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው መሬት ተነስቶ፣ መካከሉ ሰምጦ ታየ። ዳባሁና ጎረቤቱ ጋብሆ ደግሞ ዝቅ አሉ። ማጠራቀሚያቸው እየጎደለ ነበር።

ማግማው ወደ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚሆነውን ነገር ጋዙና ውፍረቱ ይወስኑታል። ለስላሳ መጠጥ ክዳኑ ሳይከፈት ዝም ያለ ነው። ሲከፈት ግፊቱ ይቀንስና ጋዙ አረፋ ይሆናል። ማግማም ወደ ላይ ሲቀርብ ልክ እንዲሁ ይሆናል። አረፋው ማግማውን የበለጠ ያቀለዋል፣ ያፈጥነዋል፤ ፍጥነቱ ደግሞ ግፊቱን የበለጠ ይቀንሳል። አንዴ ከጀመረ ራሱን በራሱ ይገፋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልዩነት ወጥ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። አጥሚት ሲፈላ አረፋው በቀላሉ እየወጣ ይፈነዳል፣ ማንንም አይጎዳም። ገንፎ ግን እንፋሎቱን አፍኖ ይይዝና በድንገት ቡፍ ብሎ ይተፋል፤ እጁን ያልተቃጠለ ገንፎ አገንፊ የለም። ባዛልት የሚባለው ማግማ ወደ አጥሚቱ ይቀርባል። ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ነው፣ ይፈሳል፣ ጋዙን ይለቃል። ራዮላይት ገንፎው ነው። ቀዝቀዝ ያለና ዝልግልግ ነው፤ ጋዙ ማምለጫ ሲያጣ ማግማው ራሱ ተበጣጥሶ አመድ ይሆናል። በዳኡሬ ፑሚስ የወጣው የደረሰው ራዮላይት ስለነበረ ነው፤ በ1999 እና በ2001 ላይ ግን ባዛልት ወጥቶ በሰላም ፈሰሰ።

ኤርታ አሌ ደግሞ የማጠራቀሚያው ግፊት ከላይ ሆኖ የሚነበብበት ቦታ ነው። 613 ሜትር ብቻ ከፍታ ባለው ተራራ አናት ላይ ለአሥርት ዓመታት የላቫ ሐይቅ ኖሯል። ጥር 2009 ዓ.ም. ላይ ሐይቁ ሞልቶ ገነፈለ። ከዚያ፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ከአናቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በደቡብ ምሥራቅ በኩል መሬት ተሰንጥቆ ላቫ መፍሰስ ጀመረ። ሐይቁም ወዲያው በአሥራዎች ሜትር ወረደ። በርሜል ከታች ሲቀደድ ከላይ እንደሚጎድለው ነው። ሁለቱ ቦታዎች በውስጥ የተገናኙ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

በሃዋይም በ2018 (እ.ኤ.አ.) ኪላዌያ በተባለው እሳተ ገሞራ ላይ ተመሳሳይ ነገር በትልቁ ሆኗል። ማግማው ከአናቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በመኖሪያ ሰፈር መካከል ወጣ፤ ከ700 በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች ጠፉ፤ አናቱ ደግሞ ከሥሩ ሲጎድልበት በየተራ እየተደረመሰ ሰመጠ። እዚያ 24 ስንጥቆች ቢከፈቱም በመጨረሻ ፍሰቱን የያዘው አንዱ ነበር። ምክንያቱ ቅዝቃዜ ነው። አንድ ሜትር ውፍረት ያለው ዳይክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረጋል። ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠባቡ ቶሎ ይዘጋል፤ ሰፊው ትኩስ ማግማ እየሳበ ግድግዳውን ያሞቃል፣ ይሰፋል። ቧንቧ የምንለው ነገር ካለ የሚወለደው ያኔ ነው፤ በፍንዳታው መካከል።

በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምንኖር ብዙዎቻችን ይህን ጉዞ በሰውነታችን አውቀነዋል። መብራቱ ሲወዛወዝ፣ ልጆች ይዘን በደረጃ ስንወርድ፣ ከፈንታሌ እስከ ዶፈን እሳተ ገሞራዎች ባለው መሬት ሥር ዳይክ እየገባ ነበር። የካቲት 7 ማታ የተሰማው መንቀጥቀጥ 6.0 ነበር። በዶፈን አቅራቢያ እንፋሎት በኃይል ወጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአዋሽ አካባቢ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሄዱ። ላቫ ግን አልወጣም። «ፈንድቶ በገላገለን» ያሉ ነበሩ፤ ጭንቀታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ያ ማግማ ሥራውን ጨርሶ ነበር። መሬቱን ከፍቶ፣ ውጥረቱን አላልቶ፣ እዚያው ረግቷል።

የዚያኑ ዓመት ሐምሌ ላይ ኤርታ አሌ እንደገና ተነሳ፤ ዳይኩም ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ፣ በሀይሊ ጉቢ ሥር አልፎ ሄደ። ሀይሊ ጉቢ እስከዚያ ድረስ በታሪክ ፈንድቶ የማይታወቅ እሳተ ገሞራ ነበር። ከአራት ወር በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ አመዱን ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ወረወረው። ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል ሕንድ ደረሰ፤ እዚያ በረራዎች ተሰረዙ። በአፍዴራ በኩል ደግሞ የግጦሽ ሣሩ በአመድ ተሸፈነ፤ ለከብት አርቢ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው።

ያረጀ ዳይክ ማየት የሚፈልግ ሰው እሳት መጠበቅ የለበትም። ከደሴ ወደ ባቲ ሲወርዱ መንገዱ የቆረጣቸው ገደሎች ላይ ተጋድመው የተነባበሩ የባዛልት ንጣፎች አሉ። እነዚህን ንጣፎች ቀጥ ብሎ የሚሰነጥቅ ሌላ የድንጋይ ግድግዳ አልፎ አልፎ ይታያል። ወርደው በእጅ ቢነኩት ጠርዙ ልስልስ ነው፤ ቀዝቃዛው ዓለት ሲነካው በቅጽበት ስለረጋ ክሪስታሎቹ ለማደግ ጊዜ አላገኙም። ወደ መካከሉ ሲሄዱ ድንጋዩ እየሻከረ፣ ፍሬ ፍሬ እየሆነ ይመጣል። ማግማው መጨረሻ ላይ ያልፍ የነበረው በዚያ በኩል ነው።