ኤአርን ለኬሚስትሪ ማስተማሪያ መጠቀም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ባጭሩ ኤአር፣ ካሜራ በሚያየው እውነተኛ ቦታ ላይ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ደርቦ የሚያሳይ ቴክኖሎጂ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ካርድ በስልክ ሲታይ የሚቴን ሞለኪውል ከላዩ ቆሞ ይታያል፤ ካርዱ ሲዞር ሞለኪውሉም ይዞራል። ሰሌዳ ላይ በጠፍጣፋው የተሳለን ሞለኪውል በሐሳቡ አንስቶ ማዞር ለሚቸግረው ተማሪ ትልቁ እርዳታ ይኸው ነው። የሚከተሉት የተሳሳቱ ሐሳቦች ግን መምህሩን ወይ ከመጀመር ያስቀሩታል፣ ወይ ጀምሮ እንዲተወው ያደርጉታል።

«ልዩ መነጽር ወይም ውድ ስልክ ያስፈልጋል»

ይህ ኤአርን ከቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) ጋር ማምታታት ነው። ዓይንን ሸፍኖ ተመልካቹን ሌላ ዓለም ውስጥ የሚያስገባው ቪአር ነው፤ ለኤአር ካሜራ ያለው ስልክ ወይም ታብሌት ይበቃል። ኤአር ራሱ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው የታተመ ካርድ ያነባል። ሁለተኛው ያለ ካርድ ወለልንና ጠረጴዛን ራሱ ይለያል፤ ለዚህኛው ጋይሮስኮፕ፣ ማለትም የስልኩን መዞር የሚለካ መሣሪያ፣ ያለው ስልክ ያስፈልጋል። የሚመሠረተውም እንደ አፕል ኤአርኪት (እ.ኤ.አ. 2017) እና ጉግል ኤአርኮር (እ.ኤ.አ. 2018) ባሉ ሥርዓቶች ላይ ስለሆነ እነሱ በማይደግፉት ስልክ አይከፈትም። በካርድ የሚሠራው ግን ከካሜራው የሚመጣውን ምስል ብቻ ስለሚመረምር ቆየት ባለ ስልክም ይሠራል። ለክፍል የሚሻለውም እሱ ነው፤ ተማሪው ሞለኪውሉን በእጁ ይዞ ያገላብጠዋልና።

ለ40 ተማሪዎች 10 ስልክ በቂ ነው። በአንድ ስልክ አራት ሆነው አንዱ ስልኩን ይይዛል፣ አንዱ ካርዱን ያዞራል፣ አንዱ ያየውን ይስላል፣ አንዱ ይጠይቃል፤ በየ3 ደቂቃው ይቀያየራሉ። እያንዳንዱ ተማሪ የየራሱን ስልክ ሲይዝ ውይይቱ ይጠፋል።

«ካርዱ አልነበብ ካለ አፑ ተበላሽቷል»

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከወረቀቱና ከብርሃኑ ነው። ጥቁር ክፈፍ ያለው ካርድ በነጭ ላይ ያለ ጥቁር አራት ማዕዘን ተፈልጎ ነው የሚለየው። ክፈፉ ጠርዝ ድረስ ተቆርጦ ጥቁር ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ክፈፉ ከጠረጴዛው ጋር ይዋሃድና ይጠፋል። ስለዚህ 8 ሴንቲ ሜትር በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ምልክት ዙሪያውን ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ነጭ ቦታ ይተውለት። ይህ መጠን እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ርቀት ድረስ ጥሩ ይነበባል፤ የምልክቱ ስፋት አሥር እጥፍ እንደ ማለት ነው።

ካርዱ እንዳይበላሽ ተብሎ በሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ መሸፈኑ የተለመደ ስሕተት ነው። የመብራቱ ነጸብራቅ ከምልክቱ ላይ ያርፍና ካሜራው ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ያያል። በማያብለጨልጭ ወረቀት አትሞ ጠንካራ ካርቶን ላይ መለጠፍ ይሻላል። ካርዱ ከተጣጠፈ ሞለኪውሉ ይንቀጠቀጣል፣ ምክንያቱም ስሌቱ ካርዱ ጠፍጣፋ ነው ብሎ ይነሣል። ጣት ክፈፉን ከነካም ሞለኪውሉ ድንገት ይሰወራል፤ ካርቶኑ በአንድ በኩል እንደ እጀታ 5 ሴንቲ ሜትር ተርፎ ቢቆረጥ ይህ ይቀራል።

ብዙ መምህራንን የሚያደናግር ሌላም አለ። በርካታ ፕሮግራሞች አንድን ምልክት በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ አይከታተሉም። የሚቴንን መቃጠል ለማመጣጠን ሁለት የኦክስጅን ሞለኪውሎች ያስፈልጋሉ፤ ያንኑ ካርድ ሁለት ጊዜ አትሞ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን አያዋጣም። ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ተመሳሳይ ሞዴል እንዲያሳዩ መደረግ አለበት። በ3 በ3 ሳጥን የተሠሩት የኮድ ምልክቶች 64 የተለያዩ ካርዶች ስለሚሰጡ አያልቁም።

ካርድ አልባው ዓይነት ደግሞ ነጭና ልሙጥ ጠረጴዛ ላይ ይስታል፤ የሚይዘው ነጥብ አያገኝምና። ጋዜጣ ወይም ደብተር ማንጠፍና ስልኩን ባለበት ከማዞር ይልቅ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ማንቀሳቀስ ይረዳዋል፤ ርቀትን የሚያሰላው ቦታ ሲቀየር ከሚያየው ልዩነት ነው።

«ሞለኪውል ማለት ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነው»

ከሁሉም በላይ ሊታረም የሚገባው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ኤአር ያመጣውን ምስል ተማሪው እንደ ፎቶግራፍ ያምነዋል። ኦክስጅን ቀይ፣ ሃይድሮጅን ነጭ፣ ካርቦን ጥቁር፣ ናይትሮጅን ሰማያዊ የሚሆኑት በስምምነት ነው እንጂ አቶም ቀለም የለውም። አቶሞቹን የሚያገናኘው ዘንግም የለም፤ ቦንድ የሚባለው ኤሌክትሮኖችን መጋራት ነው። መጠኑንም ተማሪው ራሱ ያስላ፦ በውኃ ሞለኪውል በኦክስጅንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ርቀት 0.096 ናኖ ሜትር ነው (ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው)። ስክሪኑ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 520 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ጎልቷል ማለት ነው። በዚሁ ልክ ቢጎላ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ብይ መሬትን ታክላለች።

ሞዴሉ የሚደብቀውም አለ። በቦንዶቹ መካከል ያለው የሚቴን ማዕዘን 109.5 ዲግሪ፣ የአሞኒያ 107፣ የውኃ 104.5 ነው። የኳስና የዘንግ ሞዴል የማዕዘኑን መጥበብ ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አያሳይም፤ በውኃው ኦክስጅን ላይ ያሉት፣ በቦንድ ያልተያዙትና ቦንዶቹን ገፍተው ማዕዘኑን የሚያጠብቡት ሁለት ጥንድ ኤሌክትሮኖች አይታዩም። እነሱን የሚያሳይ ሁለተኛ ካርድ መኖር አለበት።

አሌክስ ጆንስተን የተባሉት የኬሚስትሪ ትምህርት ምሁር ትምህርቱ የሚከብደው ሦስት ደረጃዎች ስለሚደራረቡበት እንደሆነ አስረድተዋል፦ በዓይን የሚታየው፣ የቅንጣቶቹ ዓለም እና የምልክቶቹ ቋንቋ። ኤአር የሚያሳየው መካከለኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ የጨው ትምህርት ላይ እውነተኛ ጨው በብርጭቆ ውኃ ሲሟሟ ይታይ፣ ከጎኑ የክሪስታሉ ካርድ ይቀመጥ፣ ቀመሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ቀመሩን አይተው አንድ ሶዲየም ከአንድ ክሎሪን ጋር ብቻ የተጣመረ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ክሪስታሉን እያዞሩ ከውስጠኛው ሶዲየም ዙሪያ ያሉትን ሲቆጥሩ 6 ክሎራይድ ያገኛሉ፤ ያኔ ቀመሩ የሚናገረው ስለ ምጥጥን መሆኑ ይገባቸዋል።

«ላቦራቶሪን ይተካል»

አይተካም። ዲጂታል ታይትሬሽን፣ ማለትም የአንድን ፈሳሽ መጠን ሌላ ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ መለካት፣ ሁልጊዜ ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል። እውነተኛ ቢዩሬት (ጠብታውን የሚያወርደው መለኪያ ቱቦ) ግን በዓይን ልክ ካልተነበበ ይሳሳታል፣ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ይይዛል፣ አንድ ጠብታ ሲበዛ ቀለሙ ያልፋል። ሳይንስ የሚለመደው እነዚህን ስሕተቶች እየፈለጉ ነው። ኤአር የሚገባው ከሙከራው በፊት የዕቃውን አገጣጠም ለመለማመድ፣ ከሙከራው በኋላ ደግሞ ቅንጣቶቹ ምን እንደሆኑ ለማየት ነው።

አሲድ በሚቀዳበት ሰዓት ግን ስልክ መያዝ አይገባም። በስክሪን በኩል ርቀት በትክክል አይገመትም፣ አንድ እጅም ይያዛል። አሲድ የነካው ጓንት ስልኩን ይነካል፣ ስልኩም በኋላ ፊትን ይነካል።

«ተማሪው ከተደሰተ ተምሯል»

ደስታው ጥሩ መነሻ ነው፤ ብቻውን ግን ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚቀር ነገር የለውም። የሚሠራው ቅደም ተከተል ቀላል ነው፦ ስልክ ከመከፈቱ በፊት ተማሪው የአሞኒያን ቅርጽ ገምቶ ይሳል፤ ከዚያ በካርዱ ይመልከት፤ ከዚያ ግምቱ የት እንደተሳሳተ ይጻፍ። በመጨረሻ ስልኩ ተዘግቶ እንደገና ይሳል።

ኤአር ብርታቱን የሚያሳየው እንደ አላኒን ባሉ፣ እንደ ግራና ቀኝ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል በሆኑ ሞለኪውሎች ላይ ነው። ተማሪዎቹ ሁለቱን ካርዶች አዙሩና አንዱን ሞለኪውል በሌላው ላይ አሳርፉ ይባላሉ። ሁለት ክፍሎች ሲገጥሙ የቀሩት ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ፣ እንዴትም ቢዞሩ አይገጥሙም። ይህን በቃል ማስረዳት እጅግ ያደክማል።

«ለሁሉም ትምህርት እኩል ይሠራል»

የሚሠራው ነገሩ ሦስት ገጽታ ሲኖረውና መዞሩ አንድ ነገር ሲገልጥ ነው። ኪዩብን መሐሉን ይዞ ስድስት ጠርዞቹን ከመካከላቸው የሚቆርጥ ጠፍጣፋ ወለል ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ እንደሚያወጣ በጂኦሜትሪ፣ የልብ ግራ ክፍል ለተመልካቹ ለምን በቀኝ እንደሚታይ በባዮሎጂ ማሳየት ይቻላል። ለጂኦግራፊ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራው የአሸዋ ሳጥን አለ፦ ጥልቀት የሚለካ ካሜራ የአሸዋውን ከፍታ ያነባል፣ ፕሮጀክተር የኮንቱር መስመሮችን (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙ መስመሮችን) በላዩ ይጥላል፤ አሸዋው በእጅ ሲከመር መስመሮቹ ይቀራረባሉ። ለሰዋስውና ለመስመር ግራፍ ግን ወረቀት ይበልጣል።

«ያለ ኢንተርኔት አይሆንም»

ሞዴሎቹ አስቀድመው ስልኩ ላይ ከወረዱ ይሆናል። እያንዳንዳቸው 5 ሜጋባይት የሆኑ 10 ሞዴሎችን 30 ስልኮች በአንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ቢያወርዱ 1,500 ሜጋባይት ነው፤ ትምህርቱ በመጠበቅ ያልቃል። በብሮውዘር የሚከፈት ኤአር ደግሞ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ (https) ካልጀመረ ብሮውዘሩ ካሜራውን አይፈቅድለትም፤ ጥቁር ስክሪን ሲታይ መጀመሪያ የሚጣራው ይህ ነው። ካሜራውና ስሌቱ አብረው ሲሠሩ ስልኩ ይሞቃል፣ ሲሞቅም ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በአንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ አለማስኬድና በየመሐሉ አፑን መዝጋት ያድነዋል።