ከተራራ የተነቀለ ፓይን እንዴት ቦንሳይ ይሆናል?

ቦንሳይን፣ ማለትም በማሰሮ ውስጥ ትንሽ ሆኖ እንዲያድግ የሚገራ ዛፍን፣ ከዘር ማብቀል ይቻላል። ከችግኝ ጣቢያ ገዝቶ መጀመርም ይቻላል። የሙያው ሰዎች ልብ የሚሸፍተው ግን ከዱር ለሚመጣ ዛፍ ነው። ጃፓኖች ያማዶሪ ይሉታል፤ ስሙም በመላው ዓለም በዚሁ ቀርቷል። በተለይ ዛፉ ፓይን፣ ማለትም ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነው ዛፍ፣ ከሆነ ብዙዎች ዓይናቸውን አይነቅሉም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አለት ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ፓይን የሚበላው አፈር ጥቂት፣ የሚጠጣውም ውሃ ጥቂት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶ ይጫነዋል። ነፋስ ጫፉን ይሰብረዋል። መቶ ዓመት ቆይቶም ቁመቱ ከሰው ወገብ ላያልፍ ይችላል። ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ቅርፊቱ ይወፍርና እየተፈረፈረ ይሰነጣጠቃል፣ የሞተው እንጨት ፀሐይ እየመታው ይነጣል። እንዲህ ያለውን ግንድ የትኛውም ችግኝ ጣቢያ በሃያ ዓመት አይሠራውም።

በሰሜን አሜሪካ በብዛት የሚፈለገው የሮኪ ተራሮቹ ፖንደሮሳ ነው። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ሙጎ ፓይንና ከዚያ ሰፋ ባለ አካባቢ የሚገኘው ስኮትስ ፓይን አሉ። በጃፓን ደግሞ በየእቅፉ አምስት አምስት መርፌ የሚያወጣው ነጭ ፓይን ስመ ጥር ነው።

ያለ ፈቃድ መንቀል ግን ስርቆት ነው፤ ማቆላመጥ አያስፈልገውም። በአሜሪካ በብዙ ብሔራዊ ደኖች የመንቀያ ፈቃድ ይሸጣል። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ግን ክልክል ነው። ፈቃድ የያዘ ሰውም ቢሆን ያየውን ሁሉ መንቀል የለበትም። ሥሩ ወደ አለቱ ጠልቆ የገባ ዛፍ ቢነቀል ይሞታል፤ ባለበት መተው ነው።

የሚነቀለውን ለመለየት ግንዱን ያዝ አድርጎ ቀስ ብሎ መነቅነቅ ነው። ዛፉ ከነአፈሩ እንደ ምንጣፍ ብድግ የሚል ከሆነ ሥሩ ጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ አለት ውስጥ ተሰብስቦ ተቀምጧል ማለት ነው። ከላይ ያለው የድንጋይ ሽበትና የረገፈ መርፌ ይጠረጋል። ቀጫጭን ሥሮች ከታዩ ጥሩ ነው። ወፍራም ሥር ብቻ ሆኖ ወደ ስንጥቁ ከሰረገ፣ ጉድጓዱን መልሶ ሸፍኖ መሄድ ይሻላል። ጊዜው የክረምቱ ማብቂያ ነው፤ መሬቱ ከበረዶ ተላቅቆ እምቡጡ ገና ሳይዘረጋ። የወጣው ሥር ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። ፀሐይና ነፋስ ቀጭን ሥርን በደቂቃዎች ያደርቁታል።

ሰው የቦንሳይ ሥራ መቀስና ሽቦ ይመስለዋል። ከዱር የመጣ ፓይን ግን በአብዛኛው የሚሞተው መቀስ በሚይዘው እጅ ድክመት አይደለም፤ በጥድፊያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ በሙሉ የሥር ሥራ ነው።

ዛፉ መጀመሪያ የሚገባው በሚያምር ሸክላ ሳይሆን ለሥሩ ልክ በተሠራ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። የሳጥኑ ወለል ውሃ የሚያሳልፍ ወንፊት ይሆናል። አፈሩ ፓሚስ የሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ውሃም ይይዛል፣ አየርም ያስገባል። ከዚያ ዛፉ እንዳይነቃነቅ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ነፋስ ግንዱን ባወዛወዘው ቁጥር አዲስ የወጣው ጫፍ ሥር ይበጠሳል። ሥሩን የያዘው የተራራ አፈር ሙሉ በሙሉ አይራገፍም። በውስጡ ከፓይን ሥር ጋር ተደጋግፎ የሚኖር ፈንገስ አለ፤ ውሃና ማዕድን ያቀብለዋል፣ እሱም ከዛፉ ስኳር ያገኛል።

አንድ ወጥመድ አለ። ፓይን ሥሩ ከሞተ በኋላ እንኳ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ባለቤቱ «ተርፏል» ብሎ ሽቦ ይጠመጥምበታል፤ ዛፉ ግን አልቆለታል። ስለዚህ የሚታመነው አረንጓዴነቱ ሳይሆን እድገቱ ነው። ፓይን በፀደይ ሻማ የመሰለ ቀጥ ያለ ቀንበጥ ያወጣል። ሻማው ረዝሞ፣ መርፌው ጠንክሮና ጠቁሮ ሲታይ ሥሩ ሥራ ጀምሯል። ይህ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ያረጀና የተጎዳ ዛፍ ከዚያም በላይ ይጠይቃል። እስከዚያ ድረስ አንድ መርፌ እንኳ አይቆረጥም። ሥሩን የሚመግበው ቅጠሉ ነውና።

የድሮው አፈር የሚወጣውም በተራ ነው። በአንዱ ዙር የሥሩ አንድ ጎን ብቻ ይጸዳል፣ ሌላው ጎን ሳይነካ ይቀራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቀረው ወገን ይደርሰዋል። አንዴ ሁሉን እናጽዳ ያለ ሰው ዛፉን ያጣል።

ቅርጽ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የዛፉ ፊት ይመረጣል፦ ግንዱ ከየት በኩል ሲታይ ያምራል? ለዚህ ሳጥኑ ወደ ጎን ያጋድላል፣ ይዞራል፣ አንዳንዴም ተራራ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ተዳፍቶ ይተከላል። ወፍራም ቅርንጫፍ ሲታጠፍ በውሃ የራሰ ራፊያ (የዘንባባ ቃጫ) ይጠቀለልበትና ከላይ ወደ 45 ዲግሪ ጋደም ብሎ የመዳብ ሽቦ ይጠመጠማል። መዳብ የሚመረጠው ከአሉሚኒየም ይልቅ በቀጭኑ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ቅርንጫፉ ሲወፍር ሽቦው ቅርፊቱን እንዳይበላው ዓይን አይለየውም። ሲፈታም እየተቆራረጠ ይወጣል እንጂ ወደ ኋላ አይጠመዘዝም።

የሞተ ቅርንጫፍ ጂን፣ ቅርፊቱ የተላጠ የግንድ ክፍል ሻሪ ይባላል። እነዚህ ተጠርገው የኖራና የድኝ ውህድ ይቀባሉ። ሽታው እንደ በሰበሰ እንቁላል ነው፤ ሲደርቅ ግን እንጨቱን ያነጣዋል፣ ከመበስበስም ይጠብቀዋል።

ፓይን ላይ ፈጽሞ የማይዘነጋ ሕግ አለ። አረንጓዴ መርፌ ጨርሶ ሳይቀርለት የተቆረጠ ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ ባዶ ከሆነ አሮጌ እንጨት ላይ ቡቃያ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ረጅም ቅርንጫፍ በአንድ ዓመት አያጥርም። ፀሐይ ወደ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል፣ ዛፉ በማዳበሪያ ይጠናከራል፣ ወደ ግንዱ ቀረብ ብሎ ቡቃያ ሲወጣ ያኔ ይቆረጣል። በተጨማሪም ፓይን ጉልበቱን ወደ ጫፉ ይልካል። ካልተቆጣጠሩት አናቱ ይወፍራል፣ የታችኛው ቅርንጫፍ ይከሳል።

እዚህ ላይ የዝርያ ልዩነት ወሳኝ ነው። የጃፓን ጥቁር ፓይን በበጋ (በአገሩ ሞቃት ወቅት) መጀመሪያ ሻማው ቢቆረጥ በዚያው ዓመት አጠር ያለ መርፌ ያለው ሁለተኛ ቀንበጥ ያወጣል። ነጭ ፓይን፣ ስኮትስ፣ ሙጎና ፖንደሮሳ ግን በአጠቃላይ በዓመት አንዴ ነው የሚያድጉት። የጥቁሩን ዘዴ እነሱ ላይ መገልበጥ ዛፉን ማዳከም ነው።

አንድ ዛፍ ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ዋሽንግተን የሚገኘው ብሔራዊ የቦንሳይና የፔንጂንግ (የቻይናው አቻ ጥበብ) ሙዚየም ያሳያል። እዚያ ያለው ያማኪ ፓይን እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ እየተገራ የመጣ የጃፓን ነጭ ፓይን ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ በባለቤቶቹ ግቢ ከግንብ አጥር ኋላ ነበርና ተረፈ። በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ተሰጠ። የቦምቡ ታሪክ በሙዚየሙ የታወቀው ግን በ2001 የለጋሹ የያማኪ የልጅ ልጆች ዛፉን ሊያዩ ሲመጡ ነው።

በሙያው ዛሬም የሚያከራክረው የመርፌ ርዝመት ነው። የፖንደሮሳ መርፌ ከ12 ሴንቲሜትር አልፎ ከ20 በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ለትንሽ ዛፍ ይህ ብዙ ነው። አንዳንዶች የፖንደሮሳውን ግንድ አስቀርተው አጭር መርፌ ያለውን የጃፓን ፓይን ቅርንጫፍ ያጣብቁበታል። ይይዛል፣ ያምራልም። ሌሎች ደግሞ ውሃና ማዳበሪያን በጊዜው ቆንጠጥ በማድረግና ቅርንጫፉን በዓመታት በማባዛት የራሱን መርፌ ያሳጥራሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። የሮኪ ግንድ ላይ የጃፓን ቅጠል ማየት ይቆረቁረኛል፤ ትንሽ የረዘመ መርፌ ደግሞ ወፍራም ግንድ ላይ ያን ያህል ዓይን አይወጋም።