በስባሹ ቋሚ፦ ጥፋተኛው ውሃ ብቻ ነው?

ሐዋሳ ውስጥ የቆየ የጭቃ ቤት ሲታደስ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር ይታያል። የባሕር ዛፍ ቋሚው ሲነቀል በጥልቀት የተቀበረው ጫፍ ደህና ሆኖ፣ ልክ መሬቱ አፍ ላይ ያለው ክፍል ተበልቶ ይገኛል። ጥፋተኛው ውሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታችኛው ቀድሞ ባለቀ ነበር።

እንጨቱን የሚበላው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ለመኖር እርጥበትም አየርም ይፈልጋል፤ ሁለቱ በበቂ መጠን የሚገናኙት ደግሞ መሬቱ አፍ ላይ ነው። የእርጥበት መጠኑ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም። ወደ 30 በመቶ ሲጠጋ ግን ፈንገሱ ይንሰራፋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የውሃውን መንገድ መዝጋት ይገባል። የተሰነጠቀ አሸንዳ በየክረምቱ ግድግዳውን ያርሳል፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃም መሬት ላይ እየተፈናጠረ የበሩን መቃን ግርጌ ያበሰብሳል። እባካችሁ፣ እርጥብ እንጨት ላይ ቀለም አትቀቡ! ቀለሙ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ላዩ አምሮ ውስጡ ያልቃል።

ጥርጣሬ ካላችሁ መቃኑን በካቻቪቴ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ያለ ጉልበት ከገባ በስብሷል። ሲቆረጥም ጤነኛ ከሚመስለው ክፍል ጭምር ይቆረጥ፤ ፈንገሱ ዓይን ከሚያየው አልፎ ይሄዳል። የጭቃ መተላለፊያ ከታየ ግን ምስጥ ገብቷል፤ መፍትሔውም ሌላ ነው።