ፖስት ፒል ምንድን ነው?

ኮንዶም ተቀደደ። ወይም የሦስት ወር መርፌ የምትወጊበት ቀን አለፈ። ወይም ጭራሽ መከላከያ አልነበረም። እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ሴቶች ፋርማሲ ሄደው፣ ሌላው ሰው እስኪወጣ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት ኪኒን ነው ፖስት ፒል። ባለሙያዎች ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ይሉታል። በውስጡ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን ነው። እንደ ማሸጊያው 1.5 ሚሊ ግራም የሆነ አንድ ፍሬ ወይም 0.75 ሚሊ ግራም የሆኑ ሁለት ፍሬዎች ይሆናል። ሁለት ከሆኑም አንድ ላይ መዋጥ ይቻላል።

"እስከ 72 ሰዓት ይሠራል" የሚለውን ያልሰማ የለም። ችግሩ ብዙዎች ይህን ሰምተው "ገና ሁለት ቀን አለኝ" ማለታቸው ነው። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ኪኒኑ የሚሠራው እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ በማዘግየት ነው። የወንድ ዘር በሴት ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። በእነዚያ ቀናት እንቁላል ከወጣ እርግዝና ሊፈጠር ይችላል። ኪኒኑ እንቁላሉን ያቆየዋል፣ ዘሩ ደግሞ ጊዜው አልፎ ይሞታል። እንቁላሉ አስቀድሞ ከወጣ ግን ኪኒኑ ብዙም አይረዳም። ስለዚህ ዛሬ ማግኘት ከቻልሽ ለነገ አታሳድሪው። እስከ 5ኛው ቀን ድረስ ሊረዳ ቢችልም አቅሙ በየሰዓቱ እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

ይህን ከተረዳን አብዛኛው ጭንቀት ይቀላል። ፅንስ ያስወርዳል? አያስወርድም። እርጉዝ ሴት ሳታውቅ ብትወስደውም ፅንሱን አይጎዳም። መሃን ያደርጋል? መሃንነትን ፈርተው ኪኒኑን የተዉ፣ ከዚያም ያልፈለጉት እርግዝና ውስጥ የገቡ አሉ፤ ያሳዝናል። አያደርግም። ሆርሞኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። እንዲያውም የዘገየው እንቁላል ቆይቶ ሊወጣ ስለሚችል በዚያው ወር ማርገዝ ይቻላል። ኪኒኑ የሚከላከለው ላለፈው ግንኙነት እንጂ ለሚቀጥለው አይደለም። ስለዚህ ፔሬድ እስኪመጣ ኮንዶም መጠቀም ያስፈልጋል።

ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የጡት ሕመም ወይም ትንሽ ደም ጠብ ማለት ሊኖር ይችላል፤ ያልፋል። ከዋጥሽው በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ግን መድገም አለብሽ። የወር አበባሽም ጥቂት ቀናት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ።

ደጋግሞ መውሰድ አይመርዝም። ነገር ግን እንደ መደበኛ መከላከያ ሲታይ ደካማ ነው፤ ፔሬድንም ያዛባል። በየወሩ ፋርማሲ የምትመላለሽ ከሆነ መርፌው፣ በክንድ የሚቀበረው ወይም በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ እጅግ የተሻለ ያስተማምናል። መዳብ ያለው ሉፕ ራሱ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ እንደ ድንገተኛ መከላከያ ያገለግላል፤ ከኪኒኑም ይበልጣል። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ኢፋቪሬንዝ ወይም አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የምትወስጂ ከሆነ ኪኒኑ ሊዳከም ስለሚችል ለፋርማሲስቱ ንገሪው። ማፈር የለብሽም።

አሁን ወደሚረሳው ነገር ልምጣ። ፖስት ፒል ለኤችአይቪም፣ ለጨብጥም፣ ለቂጥኝም ምንም አያደርግም። ብዙ ጊዜ ግን የምናየው እርግዝናን ብቻ ፈርቶ ሌላውን መርሳት ነው፤ ወንዶችም "ኪኒኑን ውሰጂ" ብለው ጉዳዩን ይዘጋሉ። የወሲብ ጓደኛሽን የኤችአይቪ ሁኔታ የማታውቂ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ሂጂ። ለ28 ቀን የሚወሰድ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት አለ። እሱም ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው። ወንዱም ቢሆን ተጋልጫለሁ ብሎ ከሰጋ አብሮ ይሂድ።

የደረሰው የወሲብ ጥቃት ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሕክምና ይቅደም። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለተጠቂዎች ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍንና የሕግ እርዳታን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ከከተማው ውጭ ያለች ሴትም በአቅራቢያዋ ያለውን ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ መጀመሪያ ትድረስ፤ ፖስት ፒሉንም የኤችአይቪ መከላከያውንም እዚያው ትጠይቅ።