ጉሮሮው ከዳነ መድኃኒቱ ለምን ይቀጥላል?

ኒውዚላንድ ውስጥ ከፓስፊክ ደሴቶች ከሳሞአና ከቶንጋ የመጡ ቤተሰቦች ልጃቸውን ጉሮሮውን ሲያመው ቶሎ እንዲያስመረምሩት ይመከራሉ። ስትሬፕ የሚባለው ባክቴሪያ ከተገኘበት ብዙ ጊዜ የ10 ቀን አሞክሳሲሊን ይታዘዝለታል። ግራ የሚያጋባው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ በ3ኛው ቀን ተሽሎት ኳስ ያሳድዳል፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥም።

የሚፈራው ለልቡ ነው። ባክቴሪያው ካልጠፋ፣ ሰውነት እሱን ለመዋጋት የሚያመርተው መከላከያ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያንና የልብ ቫልቭን ሊያጠቃ ይችላል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። (እኛም አገር «ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል» ተብሎ የታለፈ ስንቱን ለልብ ሕመም ዳርጓል!) አንዴ የያዘው ልጅ በየ28 ቀኑ ፔኒሲሊን ይወጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ10 ዓመት።

የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ግን ስትሬፕ አይደለም። ብዙው ከቫይረስ ስለሚመጣ የተረፈ ኪኒን ለወንድም ለእህት ማካፈል አያዋጣም።